ቁስል የሌለው የእግር ሕመም



አንድ ሰው እግሩ ሲሰበር ቤተሰብ ሁሉ ይሰበሰባል። ጎረቤት ይጠይቃል፤ አንዱ ትራስ ያመጣል፤ ሌላው ክራንች ተውሶ ይመጣል። ጀሶው ነጭ ሆኖ ስለሚታይ «በእውነት አሞሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት አልፎ ጀሶው ሲነሣ፣ ሐኪሙም ራጁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ «አጥንቱ ገጥሟል» ሲል፣ ሁሉም «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ወደየሥራው ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ለጥቂቶች ግን ችግሩ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እግሩ እንደ እሳት ያቃጥላል። ብርድ ልብስ ሲያርፍበት፣ አንዳንዴም በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ሲነካው እንኳ ያስጮሃል። ካልሲ ማጥለቅ ጭንቅ ይሆናል። ጠዋት ቀልቶ የሚግለው እግር ማታ ጠቆር ብሎ ይቀዘቅዛል። እብጠቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁለተኛ ራጅ ሲነሣ ደግሞ የእግር አጥንቶች ሳስተው፣ ብል እንደበላው ጨርቅ እዚህም እዚያም ነጣ ብለው ይታያሉ። ቁስል ግን የለም፤ መግልም የለም።

ከዚህ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ብዙ ታማሚዎች ያውቁታል። በመጀመሪያ «አይዞህ» ይባላል። ከወር በኋላ «አሁንም?» ይባላል። ከስድስት ወር በኋላ ማንም በአፉ ባይናገርም በዓይን ይነገራል፦ «ሥራ ጠልቶ ነው»፣ «አመል ሆኖባት ነው»። ታማሚውም ይህን ዓይን ላለማየት ሲል ዝም ይላል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሕመም ምንነት፣ ስለ ሕክምናውና በተለይም ቤተሰብ ስላለበት ድርሻ ለማየት እንሞክራለን።

ሕመሙ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ሳይላስ ዊየር ሚቸል የተባለ ሐኪም በፊላዴልፊያ ከተማ ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። ከሁለት የሙያ ባልደረቦቹ ጋር በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥይት ነርቫቸውን የነካባቸው አንዳንድ ወታደሮች ቁስሉ ከሻረ በኋላ እንኳ በሚያቃጥል ሕመም ይሠቃዩ እንደነበር መዝግቧል። ደረቅ ነገር የነካቸው እንደሆነ ስለማይችሉት የታመመ እጃቸውን ዘወትር በውሃ ያርሱ ነበር፤ ጫማቸው ውስጥ ውሃ ጨምረው የሚራመዱም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች እንጂ ትንሽ ነገር የሚያስጮሃቸው ሕፃናት አልነበሩም።

በ1895 ራጅ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ከውጭ የማይታየው በከፊል መታየት ጀመረ። ፖል ሱዴክ የተባለው ጀርመናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1900 ጉዳት በደረሰበት እጅ ወይም እግር ላይ ያሉ አጥንቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደሚሳሱ በራጅ አሳየ። ሕመሙም ለብዙ ዓመታት በእርሱ ስም «የሱዴክ በሽታ» እየተባለ ሲጠራ ቆይቷል። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1994 ሲሆን፣ በአማርኛ «ውስብስብ ክልላዊ የሕመም ሲንድሮም» ልንለው እንችላለን። «ክልላዊ» መባሉ ሕመሙ በአንድ የሰውነት ክፍል፣ ይኸውም በአንድ እጅ ወይም በአንድ እግር ላይ ስለሚያተኩር ነው። ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ፊደላቱ አሳጥረው «ሲአርፒኤስ» ይሉታል።

ሕመሙ በብዛት የሚነሣው ከስብራት በኋላ ነው። ከወለምታ፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ቀላል ከሚመስል ምት በኋላም ይመጣል። ዋናው ነርቭ ራሱ መጎዳቱ የተረጋገጠ እንደሆነ ሁለተኛው ዓይነት፣ ካልተረጋገጠ የመጀመሪያው ዓይነት ይባላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያጠቃል።

ዘበኛው ፊሽካውን ሲያበዛ

ሕመም በጤናው ጊዜ የሰውነት ዘበኛ ነው። እሾህ ሲወጋን ፊሽካውን ይነፋል፤ እኛም እግራችንን እናነሣለን፤ እሾሁ ሲወጣ ዘበኛው ዝም ይላል። በዚህ ሕመም ግን ዘበኛው ሌባው ከሄደ በኋላም ፊሽካውን አላቆመም። እንዲያውም ወተት ይዞ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ሌባ ነው እያለ ይጮሃል። ለዚህ ነው የነጠላ ጫፍ እንኳ እንደ ስለት የሚሰማው።

የተቆጡት የነርቭ ጫፎች በአካባቢው ብግነትን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ እብጠትና መቅላቱ ከዚህ ይመጣል። ደም ሥሮችን የሚያጠቡና የሚያሰፉ፣ ላብንም የሚያዝዙ ነርቮች ሥርዓታቸውን ስለሚያጡ እግሩ አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል፣ አንዴም ያልባል። አንጎላችንም ለእግሩ ያለው ካርታ ይደበዝዛል። አንዳንድ ታማሚዎች «እግሬ የእኔ አይመስለኝም» ሲሉ ቅዠት እያወሩ ሳይሆን የሚሰማቸውን እየነገሩን ነው።

የአጥንቱ መሳሳትስ ከየት ይመጣል? አጥንት ድንጋይ አይደለም። ሕያው ነው፤ አንድ ወገን ሕዋሳት አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ሌላው ወገን አዲሱን ይገነባሉ። በዚህ ሕመም የሚያፈርሱት በታመመው አካባቢ ሥራቸውን ያበዛሉ። በዚያ ላይ አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሰዎች ሰውነታቸው ክብደት ስለማይሸከም በየወሩ ከዳሌ አጥንታቸው መቶ እጅ አንድ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣሉ። በአንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉ፤ ሁሉም የተሠሩት ለመሸከም ነው። እግሩ ለወራት መሬት ካልነካ እነርሱም እንደ ጠፈርተኛው አጥንት ይሳሳሉ።

እንግዲህ ክፉው ዑደት ይህ ነው፦ ስለሚያም አይረገጥም፤ ስላልተረገጠ አጥንቱ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጡንቻው ይቀጥናል፣ ነርቩም መነካትን ጭራሽ ይረሳል፤ ስለዚህ ሲረገጥ ይብሱን ያማል።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ስሕተቶች

ከላይ የተመለከተውን ከተረዳን፣ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚፈጽማቸው ሁለት ስሕተቶች ግልጽ ይሆኑልናል።

የመጀመሪያው «ምንም የለህም» ማለት ነው። ሰው ስላላመኑት ሕመሙ አይቀንስም። በሕመሙ ላይ ብቸኝነት ይጨመርበታል እንጂ። ያልታመነ ታማሚ እውነተኛነቱን ለማስረዳት ሲል ከሚችለው በላይ ያነክሳል፣ ወይም በተቃራኒው እንዳይወቀስ ጥርሱን ነክሶ ከሚገባው በላይ ይሠራና ማታ ሲያቃስት ያድራል። ሁለቱም ይጎዱታል። ዛሬ የሕክምናው ዓለም ይህ ሕመም የአእምሮ ፈጠራ አለመሆኑን ተቀብሏል። ፍርሃትና ጭንቀት ያባብሱታል፤ የትኛውንስ ሕመም አያባብሱም?

ሁለተኛው ስሕተት ከፍቅር የሚመጣ በመሆኑ ለመታረም ይከብዳል። እናት ልጇን «አትርገጥ፣ ይሰበርብሃል፣ ተኛ» ትላለች። ምግቡ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ እግሩ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ልጆች ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ይከለከላሉ። ይህ ሁሉ ለሳምንት መልካም ሊሆን ይችላል። ለወራት ከቀጠለ ግን ዑደቱን የሚያዞር እጅ ይሆናል። የዚህ ሕመም ትልቁ መድኃኒት በባለሙያ መሪነት፣ ጥቂት በጥቂት እግሩን መልሶ ወደ ሥራው ማስገባት ነው። እግሩ ሲንቀሳቀስ ማመሙ፣ እየተበላሸ መሆኑን ሁልጊዜ አያመለክትም። ዘበኛው ያለ ምክንያት ሲጮህ እንደሚሰማ መታወስ አለበት።

ስለዚህ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ መያዝ ነው፦ ሕመሙን ማመን፣ እግሩን ግን አለመተው።

እንዴት ይታወቃል?

በ2003 በቡዳፔስት ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት መለኪያ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል። በመጀመሪያ ሕመሙ ከደረሰው ጉዳት ጋር የማይመጣጠንና የማያቋርጥ መሆን አለበት። ከዚያም አራት ዓይነት ምልክቶች ይፈለጋሉ፦

አንደኛ፣ ቀላል መነካትን እንኳ አለመቻል፤
ሁለተኛ፣ ከሌላው እግር ጋር ሲነጻጸር የሙቀት ወይም የቀለም ልዩነት፤
ሦስተኛ፣ እብጠት ወይም የላብ መብዛትና መጥፋት፤
አራተኛ፣ የእንቅስቃሴ መቀነስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የጥፍር፣ የፀጉር ወይም የቆዳ መለወጥ።

ታማሚው ቢያንስ ከሦስቱ ወገኖች ምልክት እንዳለው ከተናገረ፣ ሐኪሙም ሲመረምር ቢያንስ የሁለቱን በዓይኑ ካየ፣ ሌላ የሚያስረዳው በሽታም ከሌለ፣ ሕመሙ ይህ ነው ይባላል። በራጅ የአጥንት መሳሳት መታየቱ ሐሳቡን ያጠናክራል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጁ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል «ራጁ ምንም አላሳየም» ማለት «በሽታ የለም» ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብርቱ ማሳሰቢያ እንስጥ። ያበጠ እግር ሁሉ ይህ ሕመም አይደለም። ትኩሳት ካለ ምርቀዛ ሊሆን ይችላል። ባቱ አብጦ ቢያም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ጀሶ ወይም የወጌሻ ማሰሪያ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹም ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ሳይነጋ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ እግሩን ሊያሳጣ ይችላልና። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ትእዛዙ የተለየ ነው። እግሩ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ቢያመውም ባያመውም፣ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ እየፈረሰ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ድረስ ጨርሶ መርገጥ የለበትም። ስለዚህ እግሩን ማንቀሳቀስ የሚጀመረው የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ ነው።

ስለ ወጌሻም ጥቂት እንበል። በአገራችን ብዙ ሰው ወለምታ ሲይዘው የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ብዙዎቹም በእጃቸው ጥበብ አላቸው። ሆኖም የሚያቃጥልና ሲነካ የሚያስጮህ እግርን በኃይል ማሸት የተቆጣውን ነርቭ ይብሱን ያስቆጣዋል። እንዲህ ያለውን እግር የሚያዩ ወጌሻ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» ቢሉ ለታማሚው ትልቅ ውለታ ዋሉለት።

ሕክምናው

ለዚህ ሕመም አንድ መርፌ ወይም አንድ ክኒን የለም። ቶሎ ከተጀመረ ግን ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል። ለአንዳንዶች ለዓመታት አብሯቸው ይኖራል፤ እነርሱም ቢሆኑ መራመድን፣ መሥራትንና መተኛትን መልሰው ሊያገኙ ይችላሉ።

ዋናው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ነው። ባለሙያው ከሚያሳየው ውስጥ በቤት የሚቀጥሉ ቀላል ነገሮች አሉ። አንዱ ነርቩን መነካትን መልሶ ማስተማር ነው። በመጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያም በፎጣ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች እግሩን መዳሰስ፤ ሲለመድ ወደሚቀጥለው መሸጋገር። በሌላ አገር እግርን በሩዝ ወይም በባቄላ በተሞላ ገበታ ውስጥ ያስገባሉ። እኛ ዘንድ እህልን መርገጥ ነውር ስለሆነ ንጹሕ አሸዋ ይበቃናል። የሚዳስሰው ታማሚው ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ መቼ እንደሚያቆም ያውቃልና። በረዶ ማሰር ግን ሊያባብሰው ስለሚችል ይቅር።

ሁለተኛው የመስታወት ልምምድ ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል ሰፋ ያለ መስታወት ይቆማል፤ የታመመው እግር ከመስታወቱ ጀርባ ይሆናል። ታማሚው ጤነኛ እግሩን ቀስ እያለ እያንቀሳቀሰ መስታወቱን ይመለከታል። የሚያየው ምስል የታመመው እግሩ ያለ ሕመም ሲንቀሳቀስ ይመስላል፤ አንጎሉም የደበዘዘውን ካርታ መልሶ እንዲያስተካክል ይረዳል። በ2003 በእንግሊዝ አገር የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ልምምዱ ሕመሙ በቅርቡ የጀመራቸውን እንደረዳ አሳይቷል፤ ለዓመታት የቆየባቸውን ግን እምብዛም አልረዳም። ቶሎ መጀመር የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው እርምጃን መመጠን ነው። ብዙ ታማሚ ደህና በተሰማው ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ላድርስ ይላል፤ ከዚያም ሦስት ቀን ይተኛል። ከዚህ ይልቅ በጥሩውም በመጥፎውም ቀን አንድ ዓይነት ትንሽ ልክ መያዝ ይሻላል። ለምሳሌ እስከ በሩ አምስት ጊዜ ደርሶ መመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ጊዜ ይሆናል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ተራ ማስታገሻዎች ለሚያቃጥል የነርቭ ሕመም ጥቅማቸው አነስተኛ ነው። ኢቡፕሮፌንን ለወራት በላይ በላዩ መዋጥ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪም አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት ለድብርት ሕክምና የታወቀ በመሆኑ አንዳንድ ቤተሰብ ስሙን ሲሰማ «የእብድ መድኃኒት ሰጡት» ብሎ ያስጥላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ መድኃኒቱ በነርቭ ሕመም ላይ የራሱ ሥራ አለው። ጋባፔንቲንም እንዲሁ ለሚጥል በሽታ የታወቀ ሲሆን ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል። በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ለአጥንቱ ደግሞ የሚያፈርሱትን ሕዋሳት የሚገታ፣ ባይፎስፎኔት የሚባል የመድኃኒት ወገን አለ። አሌንድሮኔት ከነዚህ አንዱ ነው። ሕመሙ ገና ሳይቆይ ሲሰጡ የአጥንት መሳሳቱን ከመግታት አልፈው ሕመሙን ራሱን እንደሚቀንሱ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለኩላሊት ሕመምተኛና ለነፍሰ ጡር ጥንቃቄ ስለሚያሻቸው ያለ ሐኪም አይወሰዱም። አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጋደሙ መቆየት ያስፈልጋል። ጋባፔንቲን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሦስቴ ይወሰዳል። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን መወሰን ተገቢ ነው። መጾም የማይቻልም ከሆነ ለታማሚ የተሰጠው ፍቃድ ከአላህ የተሰጠ ነው። ከቤት የማይወጣ ሰው ፀሐይ ስለማያገኝ ቫይታሚን ዲ ሊጎድለው ይችላል፤ በግቢም ቢሆን ፀሐይ ይሙቅ፤ ወተትና አይብም ከገበታው አይጥፉ።

«እግሩ ተቆርጦ ልገላገል» የሚል ተስፋ የቆረጠ ሐሳብ የሚመጣባቸውም አሉ። የተቆጣው ነርቭ ከቁርጡ በላይም ስላለ፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከተቆረጠው እግር ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ሐኪሞች በአብዛኛው ይህን አይመክሩም።

ሰላት፣ ውዱእና ሰፍ

የእግር ሕመም ያለበት ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ይፈተናል። ውዱእ ሲያደርግ ውሃው እግሩን ያቃጥለዋል። በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ሲቀመጥ የእግሩ ጣቶች ይታጠፋሉ። ጀመዓ ሲሰግድ ወንድሙ ሰፉን ለመሙላት ብሎ እግሩን ወደ እግሩ ያስጠጋል፤ ለጤነኛው የወንድማማችነት ምልክት የሆነው ንክኪ ለእርሱ ፍም ነው። በዚህ ምክንያት ከመስጂድ የሚቀሩ አሉ። ከመስጂድ በመቅረታቸውም «ኢማኑ ደከመ» ተብለው የሚታሙ አሉ።

ዲናችን ግን ለዚህ ሰው በሩን አልዘጋበትም። ዒምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ሕመም በነበረባቸው ጊዜ ስለ ሰላት ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው፣ ቆሞ መስገድ ካልተቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልተቻለ በጎን ተጋድሞ እንዲሰገድ መታዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ውሃ የሚጎዳው ሰውም በሸሪዓ መውጫ ተሰጥቶታል። የእያንዳንዱን ሁኔታ ዝርዝር በቅርብ ያሉ ዑለማን መጠየቅ ይገባል። ሰውነት የለመደው ለብ ያለ ውሃ ብዙዎችን ያግዛል። በሰፉ ዳር፣ የታመመውን እግር ወደ ግድግዳው ወገን አድርጎ መቆምም ይረዳል። አጠገቡ የሚቆመው ወንድምም በዚህ ሰው አንጻር ትንሽ ክፍተት መተዉ እዝነት ነው።

ሶብርን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም ታጋሽ ሰው ሕመሙን አይናገርም የሚለው ነው። ነብዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው አቤት ማለታቸው በሱረቱል አንቢያ ተወስቷል። በሱረቱ ሷድ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ታጋሽ ሆነው እንዳገኛቸው መስክሮላቸዋል። እንግዲህ አቤቱታና ሶብር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ሕክምናንም ቢሆን ሰሐቦች «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሩቅያ የሚያደርግም ያድርግ፤ ሩቅያ ከሐኪም ቤት አያስቀርም።

እናት ስትታመም

ሕመሙ ሴቶችን በብዛት እንደሚያጠቃ ተናግረናል። ቤታችን ደግሞ የቆመው በእናት እግር ላይ ነው። አባወራው ሲታመም ተኝቶ ይታከማል፤ እርሷ ግን ምድጃ ፊት ቆማ ትታመማለች። «እናንተ እንዳትጨነቁ» ብላ ትደብቃለች፤ ልጆቿ ሕመሟን የሚያውቁት ነጠላ ጫማዋን ማጥለቅ ሲያቅታት ነው።

ስለዚህ ባሎችና ልጆች፣ በተለይም ወጣት ልጆች፣ የሚከተሉትን ልብ በሉ። ሽንኩርት የሚከተፈውና እህል የሚለቀመው ተቀምጦ ይሁን፤ ለምድጃውም ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘጋጅ። ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብና ገበያ መውጣት በተራ ይከፋፈል። ሥራዋን ሁሉ ግን አትንጠቋት። የምትችለውን ሥራ በልኩ መሥራቷ ለአጥንቷም ለልቧም ይጠቅማታልና። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «ዛሬ ከአሥር ስንት ያማል?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መመዝገብ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ያ ደብተር ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ከብዙ ንግግር የተሻለ ይናገራል። እንቅልፍ፣ እርምጃና መድኃኒትም አብረው ይጻፉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም አንድ ሰው አብሯት ይሂድ። ሕመሙ በማይታይበት ጊዜ አጠገቧ ቆሞ «እውነቷን ነው፣ ሌሊት አትተኛም» የሚል ምስክር ያስፈልጋታል።

የታመማችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ሕመማችሁ እውነት ነው፤ ስምም ሕክምናም አለው። አንድ ሐኪም ካልተረዳችሁ ሌላ ጠይቁ። እግራችሁን ጥላችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬ መሬቱን በጣት ጫፍ መንካት ከቻላችሁ ያንኑ ንኩ፤ ነገ ደግሞ በተረከዛችሁ ሞክሩ። ጤነኞቻችን ደግሞ ከቤታችን ወይም ከጎረቤታችን ከስብራት በኋላ ለወራት የሚያነክስ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሄደን «እስቲ ንገረኝ» እንበለው፤ ሲናገርም እንመነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ ለአስታማሚዎችም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።